ሳን ሆዜ ድረስ የሚሰማ አንቴና

ሰሞኑን መነጽሬ ጠፍቶብኝ የፒካፕ መኪናዬን ክሩስኮት መሳቢያ ስበረብር ግማሹ ያለቀ ጥቁር የሽቦ መጠቅለያ ናስትሮ እጄ ውስጥ ገባ። ፀሐይ ሲያገኘው ከርሞ ልስልስ ብሏል፤ ሽታው ግን አልለቀቀውም። ጎማም አይደል፣ ሬንጅም አይደል፣ በሁለቱ መካከል ያለ ሽታ ነው። አፍንጫ መቼም ፈቃድ አይጠይቅም። ከካስትሮ ቫሊ ወደ ኦክላንድ ልወርድ ሞተር አስነስቼ ሳለ አንድ ጊዜ ድሮ ወደምሠራበት ወደብ በር ወስዶ የካሚዮን ሰልፍ መሃል አቆመኝ፤ መልሶ ደግሞ ባለፈው የዝናብ ወራት ወደ ወጣሁበት ጣሪያ አመጣኝ። ሞተሩ እየሠራ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። መነጽሩ ለካ ግንባሬ ላይ ነበር።

ያኔ እኛ ኮንቴነር ጎታቾች ነበርን። ከኦክላንድ ወደብ እየጫንን ወደ ፍሪሞንት ፋብሪካዎችና ወደ ሳን ሆዜ መጋዘኖች እናመላልሳለን። ናፍጣ ከወተት የሚረክስበት ዘመን ነበር ብል የዛሬ ልጆች አያምኑኝም። ጎህ ሳይቀድ ቴሜስካል ሰፈር፣ ቴሌግራፍ ጎዳና ማዕዘን ላይ ያለችው የካምቦዲያዊቷ ዶናት ቤት እንገናኛለን። ሴትየዋ የማናችንንም ስም አታውቅም፤ የምትለየን በምንበላው ዶናት ነው። ዛሬ እዚያ ቦታ የቤት ውስጥ አበባ ይሸጣል፤ አንድ ቀን ሳላስበው ገብቼ መሃል ቆሜ ቀረሁና፣ ሻጯ ምን ልርዳዎት አለችኝ። ሁላችንም ባለ መስመር ወፍራም ሸሚዝ፣ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ቦት ጫማና የጎማ ሻጮች በነጻ የሚያድሉትን ኮፍያ ነበር የምናደርገው። ከመካከላችን ታዴ ብቻ ኮት ለብሶ ነበር የሚነዳው። ግራጫ ኮት፣ ክርኑ ያበራ። ምነው ስንለው፣ "ወደ መሥሪያ ቤት እኮ ነው የምሄደው" ይላል። ካሚዮኑን ቅባት ሲቀባ እንኳ አያወልቀውም፤ እጅጌውን ብቻ ሰብሰብ ያደርጋል።

ስልክ በኪስ መያዝ ገና ለእኛ ብጤ አልደረሰም ነበር። የኛ ስልክ ሲቢ ሬዲዮ ነው፤ ካቢናው ውስጥ ከመሪው አጠገብ የሚታሰር፣ መነጋገሪያው በተጠማዘዘ ገመድ የሚንጠለጠል ሳጥን። ቁልፉን ተጭነህ ትናገራለህ፣ ለቀቅ አድርገህ ታዳምጣለህ። ሌሎቹ ነጂዎች መንገድ ጠይቀው ዝም ይላሉ። እኛ ግን እንዴት አደርክ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ልጆችስ፣ ያ ወገብህስ ተሻለህ ሳንባባል ወደ ሥራ ወሬ አንገባም። በእንግሊዝኛ ይሰድቡናል፤ እኛ ለሰዳቢውም ሰላምታ እናቀርባለን። ታዴ ደግሞ አልፎ አልፎ መነጋገሪያውን የካሴት ማጫወቻው አፍ ላይ ደቅኖ ዘፈን ይለቅልናል። ክልክል መሆኑን አሳምረን እናውቃለን። የምንቆጣው ግን ዘፈኑ ሳያልቅ ሲያቋርጠው ነበር።

የዚህ ሁሉ ማሰሪያ ጋሽ ወርቅነህ ነበሩ። በዕድሜ ታላቃችን ናቸው። ወገባቸውን ተጎድተው መንዳት ሲያቆሙ ቤታቸው ቁጭ ብለው ሬዲዮ መጠበቅ ጀመሩ። ቤታቸው ከኦክላንዱ ፍሩትቬል ሰፈር በላይ ተዳፋቱ ላይ ነው፤ ከመስኮታቸው ወደቡና ክሬኖቹ፣ ወዲህ ደግሞ 880 አውራ ጎዳና ወለል ብሎ ይታያል። ጣሪያቸው ላይ ረጅም አንቴና ተከሉና የትኛው የወደብ በር ሰልፍ እንዳለው፣ የት መኪና እንደተገለበጠ፣ የት የካሚዮን ጭነት ሚዛን እንደተከፈተ እየጠየቁና እየተናገሩ ውለው ያመሻሉ። ማንም አልቀጠራቸውም። ቤዝ ነበር የምንላቸው። "ቤዝ፣ ቤዝ፣ ይሰማል?" ካልን ይሰማል። ሁለት ሕግ ነበራቸው። አንደኛው፣ በሬዲዮ የሰው ስም አይጠራም። "ማን እንደሚሰማ አይታወቅም" ይላሉ፤ አገር ቤት ሰው በሰው ከሚጠቆምበት ዘመን የተረፈ ጥንቃቄ ነው። ስለዚህ ሁላችንም በሰፈራችን ተጠራን፤ እኔ ካስትሮ፣ ታዴ ሳን ሆዜ። እኔ ካስትሮ ቫሊ ቤት የገዛሁ ቀን ታዴ "ካስትሮ፣ እናንተ ባለ ርስቶች ከኛ ጋር ትሰለፋላችሁ እንዴ?" ብሎ ሰልፉን ሁሉ አሳቀብኝ።

ሁለተኛው ሕግ፣ መርዶ በሬዲዮ አይነገርም። አገር ቤት የአንዱ እናት ወይም ወንድም ሲያርፍ ወሬው መጀመሪያ የሚደርሰው እሳቸው ጋ ነው። ሰውዬው ግን መሪ ይዟል፣ ከኋላው ባለ ብዙ ቶን ኮንቴነር አለ፤ እንዴት ተብሎ ይነገረዋል? እሳቸው እንደ ወትሮው ሰላምታውን አዳርሰው፣ መጨረሻ ላይ፣ "በል እንግዲህ፣ ነገ ጠዋት ካሚዮኑን ሳታነሳ በፊት ቤት ጎራ በል" ይላሉ። በቃ። ይህን የሰማ ሰው ሌላ አይጠይቅም። ሰልፉም ጸጥ ይላል፤ ሰዳቢዎቹ እንኳ አንዳንዴ ጸጥ ይሉ ነበር። ምን እንደተባለ ሳይገባቸው።

እኔም ተጠርቼ አውቃለሁ። እናቴ ነበረች። ቤት ጎራ በል የተባልኩ ለታ ፍሪሞንት ዕቃ እያራገፍኩ ነበር፤ ያን ቀን ሥራዬን እንዴት ጨርሼ እንደገባሁ አላስታውስም። በማግስቱ ተዳፋቱን ስወጣ ግን እያንዳንዱን መታጠፊያ አስታውሳለሁ። እኔው ነድቼ፣ እኔው ወደ ራሴ መርዶ። ደጃቸው ደርሼ ሞተር አጠፋሁና ከመኪናው መውረድ አቃተኝ። ታዴ በዚያ ግራጫ ኮቱ ከቤት ወጣ፣ በሩን ከፈተልኝ፣ ቁልፉን ከእጄ ወሰደ። ያ የእሱ ሥራ ነበር። ማንም አልሰጠውም፤ ለማንም መርዶ ሲነገር ደጅ ወጥቶ ቁልፍ የሚቀበለው እሱ ነው። "ዛሬ አንተ አትነዳም" ብቻ ይላል። ከዚያ ክንድህን ይዞ ያስገባሃል፤ ጓደኞችህ በሥራ ልብሳቸው ቆመው ይጠብቁሃል፤ ልቅሶው ይጀመራል።

ጊዜ ደጉም ክፉውም አይቆምም። አንዱ ታክሲ ገባ፣ አንዱ ሱቅ ከፈተ፣ አንዱ ልጆቹን ተከትሎ ሌላ ስቴት ሄደ። ስልኩ ሁሉም ኪስ ገባ። ሬዲዮው ላይ በመጨረሻ የቀሩት ሁለት ሰዎች ናቸው፣ ቤዝና ሳን ሆዜ። ታዴ ጡረታ ሲወጣ እሱም ጣሪያው ላይ ረጅም አንቴና ተከለ። ከኦክላንድ ሳን ሆዜ በሲቢ መነጋገር ቀላል አይደለም፤ ሁለቱም ወገን ጥሩ አንቴና ሊኖረው ይገባል፣ አየሩም ደግ መሆን አለበት። እነሱ ግን በየማለዳው ሻያቸውን ይዘው ቁጭ ይላሉ፤ ይሰማል፣ ይሰማል፣ እንዴት አደሩ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ስልክ እያላችሁ ምን ያለፋችኋል ስላቸው ታዴ፣ "ስልክማ ለጉዳይ ነው" አለኝ። እኔም ከባትሪው በቀጥታ ያሰርኩትን ያን አሮጌ ሬዲዮ ከፒካፔ ላይ አልነቀልኩትም። ልጆቼ ይስቁብኛል። ወደ ኦክላንድ ስወርድ ከፍቼ የሁለቱን ሽማግሌዎች ወግ እሰማለሁ፤ አንዱን ደህና፣ ሌላውን እየተቆራረጠ።

ባለፈው የዝናብ ወራት ነገሩ ሁሉ ባንድ ላይ መጣ። ጋሽ ወርቅነህን ልባቸውን አመማቸውና ሆስፒታል ገቡ። እሳቸው እዚያ ተኝተው ሳለ ያ ዛፍ ሁሉ የጣለ ነፋስ አንቴናቸውን ከወገቡ ሰበረው። በዚያው ሰሞን ታዴ ሳን ሆዜ፣ ቤቱ፣ እንቅልፉ ውስጥ እንዳለ አረፈ። እኛ አልቅሰን ቀበርነው። ጋሽ ወርቅነህ አልሰሙም። ሴት ልጃቸው ሰናይት ነርስ ናት፤ እዚህ ተወልዳ ያደገች፣ አማርኛው አሳምሮ የሚገባት፣ ስትመልስ ግን ግማሹ እንግሊዝኛ የሚሆንባት ልጅ ናት። ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ክንዴን ያዘችኝ።

"ጋሽ በቀለ፣ ፕሊዝ፣ አሁን እንዳትነግረው። አባባ ይሄን ሃንድል አያደርግም፣ አይችለውም። ዶክተሩ ኖ ስትሬስ ነው ያለው።"

"እስከ መቼ ልጄ?"

"አይ ዶንት ኖው። እስኪሻለው።"

ለታመመ ሰው መርዶ አይነገርም፤ ይህን ከኛው ነው የተማረችው። እሺ አልኳት። ሌላ ምን እላለሁ? እሳቸው ከሆስፒታል ወጥተው የመጀመሪያው ጥያቄያቸው ታዴ ነበር። ለምን አልጠየቀኝም አሉ። ሰናይት ታዴ ከነባለቤቱ ልጁ ጋ ሳክራሜንቶ መሄዱን፣ ስልኩም መጥፋቱን ነገረቻቸው። ሬዲዮውስ ሲሏት አንቴናው መሰበሩን ስትነግራቸው ፊቷ ላይ እፎይታ አየሁ። ደጅ ስትሸኘኝ፣ "ዩ ኖው ዋት፣ ያ ነፋስ ከእግዜር ነው" አለችኝ። እግዜር ሳይደግስ አይጣላም እንደሚባለው መሆኑ ነው። ጋሽ ወርቅነህ አንገታቸውን ነቅንቀው፣ "እንግዲያው አሁን ተመልሶ እየጠራኝ ይሆናል። መልስ ሲያጣ ሞተ ይለኛል" አሉ። ከዚያም ወደ እኔ ዞረው፣ "በቄ፣ አንቴና ፈልግልኝ" አሉኝ።

አንዳንድ ነገር ሰው ላይ ሲወድቅ እንቢ የሚልበት ጉልበት አይኖረውም። ቀን ገፋሁ። ጉልበቴን አሞኛል አልኩ፣ መደብሩ ዝግ ነው አልኩ፣ ዝናቡ ያባራ አልኩ። ዝናቡ አባራ። ወዲያ ደግሞ የታዴ ባለቤት ወይዘሮ አልማዝ ከሳን ሆዜ ትደውልልኛለች። "በቀለ፣ ወርቅነህ ሳያለቅስለት አርባው ሊወጣ ነው? ታዴ ይሄን ሰው ከወንድሙ ለይቶ ያየው ነበር? ምን ብዬ ነው ነፍሱን የማሳርፈው?" ትለኛለች። ለእሷም እሺ አልኩ፣ ለሰናይትም እሺ ብያለሁ፣ ለጋሽ ወርቅነህም እሺ። የሦስቱ እሺ ደግሞ አንድ ላይ የሚሆን አልነበረም።

የሲቢ ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ ዛሬ እንደ ልብ አይገኝም። ከፍሪሞንት ወዲያ፣ ከመኪና ማጠቢያ ጎን፣ መብራቱ ግማሹ የማይሠራ አንድ ሱቅ አገኘሁ። ሻጩ በዕድሜ እኔን የሚያህል ሰው ነው። ሦስት ዓይነት አሳየኝ። አንዱ አጭር፣ ከታቹ ሽቦ የተጠቀለለበት፣ በረንዳ ላይ የሚቆም። ሁለተኛው የአሉሚኒየም ዘንግ ሆኖ ከግርጌው እንደ ጃንጥላ ሽቦ የተዘረጉ ክንዶች ያሉት። ሦስተኛው ረጅሙ፣ ነጭ፣ በቁራጭ በቁራጭ የሚቀጣጠል ፋይበር ግላስ።

"ምን ያህል ርቀት ላይ ያለ ሰው ነው ማነጋገር የሚፈልጉት?" አለኝ።

ጥያቄው የሙያ ጥያቄ ነው፤ ሰውዬው ሌላ አላሰበም። "ሳን ሆዜ ድረስ" አልኩት።

"በዚያ በኩል ያለው ጥሩ አንቴና አለው?"

"ነበረው" አልኩ።

እዚያ ቆሜ ያሰብኩትን ልናገር። ረጅሙን ከገዛሁ ሳን ሆዜ ይሰማል፤ የሚሰማ ከሆነ ደግሞ የታዴ ዝምታ ሰበብ ያጣል። አጭሩን ከገዛሁ ግን ጥፋቱ የአንቴናው ይሆናል፤ ጋሽ ወርቅነህ በየማለዳው ቢጠሩና መልስ ቢያጡ፣ "ይሄ እንጨት አያደርስም" ብለው ተስፋቸውን ይዘው ይቀመጣሉ። በሽተኛ ከሚደነግጥ ደካማ አንቴና ይኑረው አልኩ። አጭሩን ገዛሁ። ወደ ኦክላንድ ስመለስ 880 ላይ አንድ የጎዳና ምልክት አይቼ ማንበብ አልቻልኩም፤ ዐይኔን እንባ ሞልቶት ነበር።

ጋሽ ወርቅነህ ሶፋው ላይ ብርድ ልብስ ደርበው ተቀምጠዋል። ካርቶኑን ከፍተው፣ አገላብጠው አዩት። በሽታ ቀጠን አድርጓቸዋል፤ እጃቸው ግን ዕቃ ሲይዝ ያው የድሮው ነው።

"ካስትሮ፣ ይሄ የአፓርትመንት በረንዳ ዕቃ ነው። እኔ ኮረብታ ላይ ነው ያለሁት።"

"ለጊዜው ቢሆን ብዬ ነው ጋሼ። ሲተከል አያስቸግርም።"

"የቸገረው እርጉዝ ያገባል አሉ። እኛ ገና መች ቸገረን?" አሉና ወደ ካርቶኑ መለሱት። "በዚህ ከታች ያለውን ጎረቤት እንኳ አልሰማም። ሂድ መልሰህ ረጅሙን አምጣ። ሳን ሆዜ ድረስ የሚሰማውን።"

ሰናይት ከማድ ቤት በር ላይ ሆና ዐየችኝ። እኔም ዐየኋት። ካርቶኑን ተሸክሜ ወጣሁ።

ረጅሙን የተከልነው ቅዳሜ ነው፤ ሰማዩ ጠርቶ፣ ወደቡ ላይ ክሬኖቹ ተቆጥረው በሚታዩበት ቀን። ጋሽ ወርቅነህ ጋቢያቸውን ለብሰው ጓሮ ወንበር ላይ ተቀምጠው ያዛሉ። ምሰሶው ከግድግዳው ጋር በብሎን የታሰረ ስለሆነ ወደ ጣሪያው ማጋደም ይቻላል፤ ቢሆንም ማሰሪያውን ለመፍታት አንድ ሰው ጣሪያው ጠርዝ ድረስ መውጣት ነበረበት። ያ ሰው እኔ ነኝ፣ በዚህ ጉልበቴ። ሰናይት ከሆስፒታል አዳር ሥራ የመጣችበትን ሰማያዊ ልብስ እንኳ ሳታወልቅ መሰላሉን ይዛለች።

"ጋሽ በቀለ፣ ከወደቅክ አይ አም ኦፍ ዲዩቲ፣ አላክምህም" አለችኝ።

"ሲወድቅ አልጋ ይዘሽ ጠብቂው" አሉ አባቷ። ሦስታችንም ሳቅን። ከልባችን መሳቃችን ነው ያስገረመኝ።

"በመብራት ሽቦው በኩል እንዳታዞረው! ወደ ዋርካው በኩል!" ይጮሃሉ። ዋርካ የለም፤ የጎረቤት አቮካዶ ነው፣ እሳቸው ግን ትልቅ ዛፍ ሁሉ ዋርካ ነው የሚሉት። የተሰበረውን አወረድን፤ ነጩን ቁራጭ በቁራጭ ቀጣጥለን ምሰሶው ጫፍ ላይ አሰርነው። ከሬዲዮው የሚመጣውን ገመድ ከአንቴናው ግርጌ የማገናኘው እኔ ነኝ። የገመዱ ጫፍ ቀለበት አለው፤ እስኪጠብቅ ታዞረዋለህ፣ ከዚያ ውሃ እንዳይገባው በናስትሮ ትጠቀልለዋለህ። እዚያ ላይ ብቻዬን ነበርኩ። ቀለበቱን ግማሽ ብቻ ባዞረው፣ ሬዲዮው ይጮሃል እንጂ ድምፅ አይሄድም። ማንም አያውቅም። ሰናይትም ትደሰታለች። ግማሽ አዙሬ ቆምኩ። ቁልቁል ሳይ ጋሽ ወርቅነህ አንገታቸውን ቀና አድርገው እጄን ያያሉ፤ ዐይናቸው ከዚያ ርቀት ምንም እንደማይለይ አውቃለሁ። ግን በዚያ ሁሉ ዘመን ዕቃ አላልቼ አስሬ አላውቅም። እጄ እምቢ አለኝ። አጠበቅኩት፤ ናስትሮውን አንድ ጊዜ ከሚበቃው በላይ ደጋግሜ ጠቀለልኩበት፣ ያ ሽታው አፍንጫዬ ውስጥ እየገባ።

ቤት ገብተን መለኪያዋን አገናኘን። መለኪያዋ ትንሽ ሳጥን ናት፤ አንቴናው ድምፁን ወደ ውጭ ይልከው እንደሆነ፣ ወይም ወደ ሬዲዮው ይመልሰው እንደሆነ በመርፌ ታሳያለች። መርፌዋ ከፍ ካለች ነገር ተበላሽቷል። ጋሽ ወርቅነህ አጉሊ መነጽራቸውን አውጥተው ተጠጉና እያዩ የአንቴናውን ቁመት በጣት ስፋት እንዳሳጥር ደጋግመው አስወጡኝ። በመጨረሻ መርፌዋ ታች ተኛች። ሬዲዮውን ከፈቱት። ያ የድሮው የዝናብ ድምፅ የሚመስል ጫጫታ ክፍሉን ሞላው። ሰናይት ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች። እኔ እግሬን የማሳርፍበት ቦታ አጣሁ።

መነጋገሪያውን አንስተው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ሳን ሆዜ፣ ሳን ሆዜ፣ ቤዝ ነኝ። ይሰማል?"

ጫጫታው ብቻ።

"ሳን ሆዜ፣ ቤዝ ነኝ። ደህና ነኝ፣ ከሆስፒታል ወጥቻለሁ። ይሰማል ወይ?"

ለቀቅ አድርገው አዳመጡ። ታዴ ለመመለስ ጊዜ ይወስድ ነበር፤ ከወንበሩ ተነስቶ መነጽሩን ፈልጎ ነው የሚመጣው። እሳቸውም ያን ያህል ጠበቁት። ከዚያ በላይም ጠበቁት። ድንገት ጫጫታው ተቆረጠና የአንድ ሰው ድምፅ መጣ፤ በእንግሊዝኛ፣ የስፓኒሽ ቃና ያለው፣ ወጣት የካሚዮን ነጂ።

"ምን ቋንቋ እንደሆነ አላውቅም ጓዴ፣ ግን ሳን ሆዜ ስትል ሰምቻለሁ። እኔ ሳን ሆዜ መሃል ነኝ፣ 101 አውራ ጎዳና ላይ። አጠገቤ እንዳለህ ያህል ነው የምትሰማው።"

ጋሽ ወርቅነህ ሰውዬውን አመሰገኑት፤ መንገድህ ይቅና፣ ልጆችህ ይደጉልህ ብለው በእንግሊዝኛቸው መረቁት። መነጋገሪያውን መንጠቆው ላይ ቀስ ብለው ሰቀሉ። ከዚያ እኔን ሳያዩ፣ "አንቴናው ጥሩ ነው" አሉ።

"አዎ ጋሼ።"

"ሳን ሆዜ ይሰማል።"

"ይሰማል።"

ሰናይት "አባባ" ብላ ጀመረች፤ እጃቸውን አንስተው አስቆሟት። "ሳክራሜንቶ አልሄደም፣ አይደል በቄ? ታዴ እኔ ሆስፒታል ተኝቼ ሳክራሜንቶ አይሄድም። ጥርጣሬው ከገባኝ ቆይቷል። እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ፣ የሁሉንም መርዶ ቤት ጎራ በል እያልኩ የነገርኩት እኔ ነኝ እል ነበር። እኔን ማን ቤት ጎራ በል ይለኛል? ቤት ነው ያለሁት።"

ልንገርዎት አልኩ። እሳቸው ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። "ዛሬ አይደለም። አሁን ከሰዓት ነው። መርዶ በጠዋት ነው የሚነገረው፤ አንድ ቀን እንኳ አፍርሼው አላውቅም። ነገ ና። የቀሩትን የካሚዮን ልጆች ይዘህ ና። ከደጅ በሬዲዮ ጥራኝ። እንደ ደንቡ።"

ሰናይት እያለቀሰች ወደ ውስጥ ገባች። ስወጣ እንደተቀመጡ ሻይ እየጠጡ ነበር። እያወቁ፣ ደግሞም እስኪነገራቸው እየጠበቁ።

በማግስቱ ተዳፋቱን ወጣሁ። ሁለቱ የድሮ ጓደኞቻችን በየመኪናቸው ከኋላዬ ተከትለው ቆሙ፤ ወደቡ በር ላይ እንደምንሰለፈው። ነጩ አንቴና ጣሪያው ላይ ቀጥ ብሏል። ሰናይት ለጥንቃቄ ከመስኮቱ አጠገብ ቆማለች፤ የልብ መድኃኒቱን ይዛለች። ሬዲዮውን ከፈትኩ። ቤቱ ከመኪናዬ ብዙም አይርቅም፤ በአፌ ብጣራ ይሰሙኝ ነበር። የመነጋገሪያውን ቁልፍ ተጫንኩ።

"ቤዝ፣ ቤዝ፣ ካስትሮ ነኝ። እንዴት አደሩ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን። አንተስ እንዴት አደርክ? ልጆችስ? ጉልበትህስ?"

"ደህና ነን። ቤዝ..." አልኩና ቀረሁ። ዘመኔን ሙሉ የሰማሁት ቃል ነው፣ ከራሴ አፍ ግን ወጥቶ አያውቅም። "ቤዝ፣ ቤት ጎራ ልንል ነው።"

ጫጫታው ብቻ መለሰልኝ። የመኪናዬን ቁልፍ ነቅዬ እጄ ላይ ያዝኩ። ከመኪናው መውረድ አቃተኝ። ደጅ ወጥቶ በሩን የሚከፍትልኝ፣ ቁልፉን ከእጄ የሚወስደው ሰው እኮ ታዴ ነበር። ቁጭ ብዬ በሩን አየሁ። የሚወጣ የለም። ሬዲዮው ውስጥ ትንፋሽ ተሰማኝ፣ ከዚያ የእሳቸው ድምፅ፤ በዚያ ሁሉ ዘመን ለመጀመሪያ ጊዜ ሕጋቸውን አፍርሰው በሬዲዮ በስሜ ጠሩኝ።

"በቄ፣ ና ግባ። ልቅሶውን ብቻዬን ልጀምረው አልቻልኩም።"